የአዳም ዕዳ በቀጨኔ ደጅ

በክርስትና ትምህርት ላይ ከሚነሡ የጥርጣሬ ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም የአንዱ የአዳም በደል ለልጅ ልጆቹ ሁሉ የሚተርፈው በምን ፍርድ ነው የሚለውና የአንድ ንጹሕ ሞት የበደለኞችን ዕዳ የሚሽረው በምን መንገድ ነው የሚለው፣ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለችው በቀጨኔ ከመጽሐፍ ገጽ ይልቅ በሰዎች ኑሮ ውስጥ የቆዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሰፈሩ የሸክላ ሠሪዎች፣ የሸማኔዎችና የብረት ቀጥቃጮች መኖሪያ ሆኖ በመቆየቱ፣ በደል በደም ይወረሳል የሚለው ሐሳብ እዚያ በጎረቤት ዓይን፣ በጋብቻ ጥያቄና በገበያ ሐሜት በየዕለቱ የሚፈጸም ብይን ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የቀጨኔን ያለፈ ዘመን ማስታወስ፣ ስለ ጥንተ አብሶና ስለ መሥዋዕት የሚጠየቀው ጥያቄ ከየት እንደሚመነጭ፣ ጠያቂውም ሁልጊዜ ከሃዲ እንዳልሆነ ለመረዳት ይጠቅማል።

ጥንተ አብሶ የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አነጋገር፣ አዳምና ሔዋን አትብሉ የተባሉትን ዕፅ በልተው ትእዛዝ ያፈረሱበት የመጀመሪያው በደል ሲሆን፣ በእርሱ ምክንያት የሰው ልጅ ከገነት እንደወጣ፣ የጸጋ ልጅነቱን እንዳጣና ሞት እንደሠለጠነበት ይነገራል። መሥዋዕት ደግሞ ለእግዚአብሔር የሚቀርብ መባ ነው፤ በብሉይ ኪዳን የእንስሳት ደም ሲሆን በሐዲስ ኪዳን በመስቀል ላይ የቀረበው የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው፤ ቤዛ የሚባለውም ራሱን በሌላው ፈንታ ለውጥ አድርጎ የሚሰጥ ነው። ይህ ትምህርት በኢትዮጵያውያን ዘንድ የዘመን መቁጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ ለአዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እንደሚድን ተስፋ ተሰጥቶት ነበር ስለሚባል፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ፣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት ያለው 5500 ዓመት ዓመተ ፍዳ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ተብሏል። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን በባርነት የሚያስገባ የዕዳ ደብዳቤ አስጽፎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲዖል እንደሸሸገው፣ ክርስቶስም በዮርዳኖስ ሲጠመቅና ወደ ሲዖል ሲወርድ እንደደመሰሰው የሚነገረው ትረካም በየዓመቱ በጥምቀት ሰሞን ይሰበካል። ቀን በጻፈ ቁጥር ዓመተ ምሕረት የሚል ኢትዮጵያዊ፣ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፣ ዕዳው ተከፍሏል ብሎ እየመሰከረ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዐፄ ምኒልክ ለአዲሲቱ ከተማ ግንባታና ለቤተ መንግሥቱ አገልግሎት ባለሙያዎችን ከሰሜን ሸዋ እንዳስመጡ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በቀጨኔና በአካባቢዋ እንደሰፈሩ የሰፈሩ ታሪክ ያስረዳል። ወንዶቹ ሸማ እየሠሩና ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሴቶቹ ሸክላ እየሠሩ ከተማዋን አለበሱ፣ አስታጠቁ፣ ማድ ቤቷንም ሞሉ፤ ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ እንስራውና የጠላ ጋኑ ከእነዚህ እናቶች እጅ ወጥቶ ወደ መሳፍንቱም ወደ ድኻውም ቤት ገባ። ይሁን እንጂ ዕቃውን የሚፈልገው ኅብረተሰብ የሠሪውን ማዕድ ሸሸ፤ ባለሙያውን ጠይብ ብሎ ለየው፤ ቡዳ ነው፣ ማለትም በዓይኑ ሰው የሚበላና ሌሊት ወደ ጅብ የሚለወጥ ነው ብሎም አማው። አንድ ሰው በድንገት ሲታመም ጢስ ይታጠናል፣ የበላህ ማን ነው እየተባለ እንዲለፈልፍ ይገደዳል፤ ስሙ የተጠራው ባለሙያም ተይዞ መጥቶ በሕመምተኛው ላይ እንትፍ እንዲል ይደረግ ነበር። እንዲህ ያለው ክስ ማስረጃ አይፈልግም ነበር፤ የተከሳሹ አባትና እናት ማንነት በቂ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠር ነበርና።

ለዚህ ንቀት የተሰጠው ምክንያት ከሃይማኖት ትረካ ጋር መጋመዱ ነው ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው። በአንዳንድ ቦታ የብረት ሠሪው ዘር ከቃየል ወገን ከቱባልቃይን ጋር ተያይዞ ይጠራ ነበር፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ መጽሐፍ ሆኖ በሚቆጠረው በመጽሐፈ ሄኖክም የጦር መሣሪያና የጌጥ ሥራን ለሰው ያስተማሩት ከሰማይ የወደቁት ትጉሃን መላእክት እንደሆኑ ስለሚነገር፣ የእጅ ሙያን ከርኩሰት ጋር ለሚያያይዝ ሰው ሰበብ አልጠፋም። ከሁሉ የከፋው ግን ባለሙያዎቹ ክርስቶስን የሰቀሉት ወገኖች ዘር ናቸው የሚለው ሐሰተኛ ክስ ነበር፤ ቤተ እስራኤል በሚባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁድ ላይ ይነገር የነበረው ይህ ክስ፣ ከእነርሱ ጋር በዘር ይዛመዳሉ በተባሉ የሸዋ ባለሙያዎች ላይም ተደርቧል። እንግዲህ የአዳም ዕዳ ለሰው ሁሉ ተሠርዟል በሚባልበት አገር፣ ለሸክላ ሠሪዋና ለቀጥቃጩ ብቻ ሁለተኛ ዕዳ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

የሰፈሩ ደብር ደብረ ሰላም መድኃኔዓለም መባሉ ይህን ተቃርኖ ይበልጥ ጎልቶ እንዲታይ ያደርገዋል፤ መድኃኔዓለም ማለት ለጥቂቶች ሳይለይ ዓለምን ሁሉ ያዳነ ማለት ነውና። በየዓመቱ በስቅለት ዕለት ምእመናን ከጠዋት ጀምሮ እስከ ሠርክ እየሰገዱ ኪርያላይሶን ሲሉ ይውላሉ፤ የሕማማቱ ምንባብ በየሰዓቱ ይነበባል፤ በመጨረሻም ካህናቱ በወይራ ቅርንጫፍ የምእመናኑን ጀርባ መታ መታ እያደረጉ፣ ጥብጠባ በሚባለው ሥርዓት፣ ለእያንዳንዱ የስግደት ቁጥር ይሰጣሉ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ላይ ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል ተስሎ፣ ከክርስቶስ ጎን የፈሰሰው ደም ሲያርፍበት ይታያል፤ የሥዕሉ ትርጉም የመጀመሪያው በደለኛ በመጨረሻው መሥዋዕት ነጻ ወጣ ማለት ነው። ባለሙያውም ጎረቤቱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሰግደው፣ ያንኑ የምሥራች ሰምተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን፣ አንዱ ሌላውን እንደ ቀድሞው በዓይኑ ይፈራው ነበር። የስቅለት ስብከትና የሰፈር ሐሜት በአንድ ቀን ሲሰሙ፣ የተከፈለው የማን ዕዳ ነው የሚለው ጥያቄ ከውጭ ማንም ሳያመጣው በራሱ ይወለዳል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የውርስ ጥያቄ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም፣ እያንዳንዱ በገዛ ሥራው እንደሚጠየቅ ያስተምራል፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የሠፈረው ሕግም አባት በልጅ፣ ልጅም በአባት ፈንታ እንዳይገደል ይከለክላል። ታዲያ ከአባቱ በደል ነጻ የተባለ ሰው ከሺህ ትውልድ በፊት በኖረ አባት በደል እንዴት ይያዛል? በምዕራቡ ዓለም ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው ብርቱ መልስ የአውግስጢኖስ ነው፤ ሰው ሁሉ በአዳም አብራክ ሳለ አብሮ በድሏልና ሕፃኑም ጭምር በደለኛ ሆኖ ይወለዳል ብሎ አስተማረ፤ ይህንን የተቃወመው የፔላግዮስ ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ418 በካርታጎ ጉባኤ ተወገዘ። የምሥራቅና የኦሬንታል አብያተ ክርስቲያናት አባቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ አጽንዖት የሰጡት ለሌላ ነገር ነው፤ ከአዳም የተወረሰው የፍርድ ቤት ወንጀል ሳይሆን ሞትና መበስበስ፣ የጸጋ መራቆትና ወደ ክፋት ማዘንበል ነው ይላሉ። በኢትዮጵያም ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ሕፃኑ የሚቀበለው ልጅነት ነው መባሉ፣ የቀኖቹም ቁጥር በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡባቸው ቀናት ጋር መያያዙ፣ ነገሩ የተቀማ ርስት መመለስ መሆኑን ያመለክታል።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የእናትን ኀዘን ሙሉ በሙሉ አያስታግሥም። ከ40ው ወይም ከ80ው ቀን በፊት የሞተ ሕፃን ሳይጠመቅ በመቅረቱ ጸሎተ ፍትሐት፣ ማለትም ለሞተ ክርስቲያን የሚደርሰው የስንብት ጸሎት፣ ሳይደርስለት የሚቀበርበት ልማድ ነበር፤ ጨቅላ በብዛት ይሞት በነበረበት ዘመንም ይህን ኀዘን የቀመሰችው እናት አንድና ሁለት ብቻ አልነበረችም። አፍ ያልፈታ፣ ክፉና ደግ ያልለየ ሕፃን ምን አጠፋ ብላ የንስሐ አባቷን የምትጠይቅ እናት የሊቃውንትን ክርክር አታውቅም፤ የምትጠይቀው ግን አውግስጢኖስንና ፔላግዮስን ያከራከረውን ያንኑ ጥያቄ ነው። ደጉ የንስሐ አባት የእግዚአብሔርን ምሕረት አስታውሶ ያጽናናታል፤ መጽሐፍ ጠቅሶ አፏን ሊያስይዛት የሚሞክረው ደግሞ ትምህርቱን ያስጠላባታል። ጥያቄው በእምነት ላይ የተነሣ አመፅ ሳይሆን እግዚአብሔር ጻድቅ ነው ከሚለው እምነት የወጣ መሆኑን መገንዘብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ፈጣሪዋ ፍርደ ገምድል እንዳይባልባት የምትፈልግ ሴት ናት ይህንን የምትጠይቀው።

የቀጨኔ ሰዎች ስለ ተቀማ ርስት የሚነገረውን ትምህርት ከሌላው ይልቅ ቀርበው የሚረዱበት ታሪካዊ ምክንያትም አለ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስት አልባ ይሁን የሚል አዋጅ በቤተ እስራኤል ላይ እንዳወጡ ይነገራል፤ መሬት ያጡትም ቀስ በቀስ ወደ ቀጥቃጭነት፣ ወደ ሸማኔነትና ወደ ሸክላ ሥራ እንዳዘነበሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ርስት ያጣ አባት ልጁን የሚያወርሰው ወንጀል አይደለም፤ የሚያወርሰው ድኽነትና ስደተኝነትን ነው፤ ልጁ ምንም ሳያጠፋ መሬት አልባ ሆኖ ይወለዳል። የአዳም ልጆች ሁኔታ እንዲህ ነው ቢባል የቀጨኔ ሰው በሚገባ ይረዳዋል። ሆኖም ይኸው ምሳሌ ጥያቄውን ያባብሰዋል፤ ርስቱን የነጠቀው ንጉሥ አዋጁን ማንሣት ይችል ነበርና፣ ገነትን የዘጋው አምላክስ በሩን በቃሉ ብቻ ሊከፍት ስለምን ደም አስፈለገው?

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ የመሥዋዕት ጥያቄ ነው፤ በኢትዮጵያ ምድርም እጅግ በተጨበጠ መልኩ ተነሥቷል። ቤተ እስራኤል እንደ ኦሪቱ ሥርዓት የፋሲካን በግና ሌሎችንም መሥዋዕቶች ሲያቀርቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1860 ሄንሪ ስተርን የተባለው ከአይሁድ ወገን ተወልዶ ክርስቲያን የሆነ ሚሲዮናዊ፣ ማርቲን ፍላድም ከእርሱ ጋር፣ ወደ መንደሮቻቸው እየሄዱ የእንስሳት ደም አያድንም፣ መሥዋዕቱ በክርስቶስ ተፈጽሟል እያሉ ይሰብኩ ጀመር፤ ክርክሩም እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ችሎት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉት መነኩሴ ሕዝቡን ወደ ተስፋይቱ ምድር እመራለሁ ብለው ሲነሡ፣ የተከተሏቸው ብዙዎች በረኀብና በበሽታ በመንገድ አለቁ። ከ1904 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የተመላለሰው አይሁዳዊው ምሁር ዣክ ፋይትሎቪችም በበኩሉ መሥዋዕቱን እንዲተዉ መከራቸው፤ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ ወዲህ የዓለም አይሁድ በመሥዋዕት ፈንታ ጸሎትን፣ ንስሐንና ምጽዋትን ይዘዋልና። እንዲህ ሆኖ አንዱ ደም በሌላ ደም ተሽሯል በሚሉና ከመጀመሪያውም ደም አያስፈልግም በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል፣ የደጋው ገበሬና ባለሙያ የነቢያቱን የሆሴዕንና የሚክያስን ቃል እየመረመረ፣ እግዚአብሔር ከመሥዋዕት ይልቅ ምሕረትን ይወዳል የሚለው ትምህርት ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ ተገደደ።

በክርስቲያኑ ቤትም መሥዋዕት ከመስቀሉ ትምህርት ውጭ ፈጽሞ አልጠፋም። ጭዳ የሚባለው ልማድ፣ በግ ወይም ዶሮ በሕመምተኛ ራስ ላይ አዙሮ ወይም በዘመን መለወጫ ዋዜማ አርዶ፣ ደዌውንና መዓቱን ይዞ እንዲሄድ ማድረግ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ብታወግዘውም በየቤቱ ሲፈጸም ኖሯል። ካህኑ አንዱ መሥዋዕት ለሁሉ በቅቷል ብሎ ሲያስተምር፣ ምእመኑ ደግሞ በጓሮ ሌላ ደም ሲያፈስ፣ ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ የሚኖሩት ፍርሃት ስላልወጣ ነው። የጭዳው በግና ቡዳ ነው የተባለው ጎረቤት በዚህ ረገድ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ምንነቱ ያልታወቀ መከራ እንዲወድቅባቸውና ይዘውት እንዲሄዱ የተመረጡ ናቸው።

ከዚሁ ከመሥዋዕት ጥያቄ የሚወጣው ሦስተኛው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ የቆየ የዳኝነት ልማድ ዋስ የባለዕዳውን ገንዘብ ሊከፍል ይችላል፤ ዘመድ አዝማድም ተዋጥቶ የደም ካሳ ይከፍላል፤ ነፍሰ ገዳይ ነጻ ወጥቶ በምትኩ ንጹሕ ሰው ይገደል የሚል ዳኛ ግን ፍርድ አፍራሽ ይባላል። በምዕራቡ ዓለም የካንተርበሪው አንሰልም እ.ኤ.አ. በ1098 ባጠናቀቀው መጽሐፉ፣ በእግዚአብሔር ክብር ላይ የተፈጸመ በደል ወሰን የለሽ ካሳ ስለሚጠይቅ ሰው የሆነ አምላክ ብቻ ሊከፍለው ይችላል ሲል፣ ብዙም ሳይቆይ ጴጥሮስ አቤላርድ የንጹሕን ደም በዋጋ መጠየቅ ጭካኔ አይሆንምን ብሎ ጠየቀ፤ የመስቀሉም ኃይል የሰውን ልብ በፍቅር መማረኩ ነው አለ። ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ግን ከሁለቱም የቀደመው የአትናቴዎስ መልስ ነው፤ አባ ሰላማን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው እርሱ ነውና። በደሉ ትእዛዝ ማፍረስ ብቻ ቢሆን ንስሐ በበቃ ነበር፤ የሰው ባሕርይ ግን ለመበስበስ ተላልፎ ስለተሰጠ ሕይወት የሆነው ቃል ሥጋ ለብሶ ሞትን ከውስጥ ማጥፋት ነበረበት ብሎ ያስተምራል። በዚህ መልስ እግዚአብሔር ደም የተጠማ አበዳሪ አይደለም፤ በሞት አፍ ገብቶ የታሰረውን የሚያወጣ መድኃኒት ነው። በቅዳሴ ማርያም ወልድን ወደ ሞት ያመጣው ፍቅር እንደሆነ የሚነገረውም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ቁጣ ካሳ ፈልጎ ነው የሚለው ስብከት ከዚህ ቅኝት ጋር አይገጥምም።

ይህን የመሰለ ምርመራ ለአገሩ እንግዳ ነው የሚል ካለ የሸዋን የሃይማኖት ታሪክ ልብ አላለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪያስቆሙት ድረስ፣ በሸዋ ብዙ ሊቃውንት የጸጋ ወይም የሦስት ልደት ትምህርት ይከተሉ ነበር፤ የክርክሩም እምብርት ክርስቶስ ዳግማዊ አዳም ሆኖ በመንፈስ ቅዱስ ሲቀባ፣ አዳም ያጣውን የጸጋ ልጅነት ለሰው የመለሰው እንዴት ነው የሚል ነበር። የቀጨኔ የመጀመሪያ ነዋሪዎች ከሰሜን ሸዋ ሲመጡ ይህ ክርክር ገና ትኩስ ነበር ማለት ነው። የአንድምታ ትርጓሜ ትምህርትም፣ አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው አንድም እንዲህ ነው እያለ በብዙ መንገድ የሚተረጉመው ስልት፣ ጥያቄ አንሥቶ መልስ በመስጠት የተገነባ ነው። ከዚያም ወዲያ የሚሄድ አለ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ኖረ የሚባለው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ማንኛውም ሃይማኖት የሚለውን በልቡና ብርሃን መመርመር ይገባል ይላል። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጽሑፉ የጣሊያናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ብሎ ቢከራከርም፣ ተመራማሪው ክሎድ ሳምነር በኋላ ኢትዮጵያዊነቱን ተሟግቶለታል፤ የደራሲው ማንነት ያከራክር እንጂ መጽሐፉ በግዕዝ መጠየቅ እንደሚቻል ያሳያል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ጥያቄው ሌላ ልብስ ለበሰ። በትምህርት ቤትና በውይይት ክበብ ቁስ አካላዊ ፍልስፍና ሲነገር፣ ወጣቱ አዳም የሚባል ሰው ነበር ወይ ብሎ እስከ መጠየቅ ደረሰ፤ በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ የተባለችው ቅሪተ አካልም ከቀጨኔ ብዙ በማይርቀው በአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጣለች። በ5500 ዓመት የተለካው ዓመተ ፍዳ ከሚሊዮን ዓመታት ጋር ሲነጻጸር፣ ትረካውን እንደ ቀን መዝገብ ያነበበ ሰው ይደናገጣል። የአዳምን ታሪክ የሰው ሁሉ ታሪክ አድርጎ ለሚያነብ ግን ቁም ነገሩ አይፈርስም፤ ሰው የተሰጠውን አደራ እንደሚያፈርስ፣ ጥፋቱንም አዳም በሔዋን ሔዋንም በእባብ እንዳላከኩት በሌላው ላይ እንደሚያላክክ፣ የዚህንም መዘዝ ገና ያልተወለዱ ልጆች እንደሚቀበሉት የማንኛውም ዘመን ኑሮ ይመሰክራል። ቀጨኔ ራሷ ምስክር ናት፤ የተሰደቡት ልጆች ያልሠሩትን ተቀብለዋል፤ የሰደቡትም ልጆች ያልፈጠሩትን ንቀት ከወላጆቻቸው ወርሰዋል። የሚተላለፍ በደል ካለ ከሁሉ ይልቅ ይህ ሁለተኛው ነው።

ለሚጠይቅ ሰው ከሚሰጡት መልሶች አንዱ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 9 ከነቢያት ወስዶ የተናገረው የሸክላ ሠሪ ምሳሌ ነው፤ ጭቃ ሠሪውን ለምን እንዲህ አደረግኸኝ ሊል አይችልም ይባላል። በቀጨኔ ይህ ምሳሌ ከሌላ ቦታ በተለየ ጆሮ ይሰማል። አፈሩን መርጣ፣ ነፍታ፣ ከደቀቀ ገል ወይም ከአሸዋ ጋር ለውሳ፣ በጥላ አድርቃ ወደ እሳት የምታስገባ ሴት፣ ድስቱ ሲሰነጠቅ ጭቃውን አትከስስም፤ አለዋወሱን፣ አደራረቁን ወይም የእሳቱን ኃይል ትመረምራለች እንጂ። ምሳሌውን ዝም ማሰኛ አድርጎ የሚያነብ ሰው የሸክላ ሠሪዋን ጠባይ አያውቅም፤ እርሷ ለሠራችው ዕቃ ኃላፊነት የሚሰማት ናት። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 18 ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ወርዶ ያየውም ይህንኑ ነው፤ የተበላሸው ዕቃ አልተጣለም፣ በሠሪው እጅ እንደገና ሌላ ዕቃ ሆነ። በዚህ ዓይን ሲታይ የመዳን ትምህርት ሠሪው ለሥራው የሚወስደው ኃላፊነት ይሆናል፤ ጥያቄውም ክብሩን አይነካም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ አዳምን ለመክሰሻ ሳይሆን ለእኩልነት ማስረጃ የጠራበት ጊዜ አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ነጋዴውንና ሌላውንም በሙያው መስደብ ከለከሉ፤ ምክንያታቸውም ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ እንደሆነ፣ ጥሮ ግሮ መብላትም ለአዳም የተሰጠ ትእዛዝ እንደሆነ፣ ባለሙያ ከሌለ አገርም መንግሥትም እንደማይቆም የሚያስረዳ ነበር። በአዋጁ የአዳም ስም ከዕዳ መዝገብ ወጥቶ የዝምድና ማረጋገጫ ሆነ፤ የወዝ እንጀራም ከእርግማንነት ወደ ክብር ተዛወረ። አዋጁ ንቀትን ከልብ ባያወጣም፣ ከአንዱ ትረካ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ማውጣት እንደሚቻል፣ የትኛው እንደሚመረጥም በአንባቢው ኅሊና ላይ እንደሚወድቅ አሳይቷል።

ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ከቀጨኔ ባለሙያዎች ወገን የሆኑ አንዳንዶች ራሳቸውን ቤተ አብርሃም ብለው፣ አባቶቻቸው በስውር ይዘውት የኖሩትን የአይሁድ እምነት በአደባባይ ለመያዝ በሰፈሩ ምኵራብ አቋቁመዋል፤ ሌሎች ደግሞ የመድኃኔዓለም ልጆች ሆነው ጸንተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ የሚዳኝ አይደለም። በአንድ ሰፈር ግን ኃጢአት አይወረስም፣ ንስሐ ይበቃል የሚለው የአይሁድ ትምህርትና የአዳም ልጅነት በአንዱ መሥዋዕት ተመለሰ የሚለው የክርስትና ትምህርት ጎን ለጎን መኖራቸው፣ ሁለቱም ለአንድ ዓይነት ቁስል መልስ ሲፈልጉ የቆዩ መሆናቸውን ያስታውሳል።

ፈረንሳዊው ሬኔ ዢራር እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ዓመፅና ስለ ቅዱስ ነገር በጻፈው መጽሐፍና በኋለኞቹ ሥራዎቹ፣ ማኅበረሰቦች ውስጣዊ ጠባቸውን በአንድ ተጠያቂ ላይ አራግፈው ሰላም እንደሚያገኙ፣ የወንጌል ታሪክ ልዩ የሚሆነውም የተገደለው ንጹሕ መሆኑን በግልጽ ስለሚናገርና ይህን አሠራር ስለሚያጋልጥ እንደሆነ አስረድቷል። ይህ አስተሳሰብ ለቀጨኔ ታሪክ ቁልፍ ነው። መስቀሉ የንጹሕን መከሰስ ካጋለጠ፣ በጢስ ታፍኖ በሚለፈልፍ ሕመምተኛ ቃል የምትያዘው ሸክላ ሠሪ በመስቀሉ ወገን ናት፤ ከሳሾቿም፣ ክርስቲያን ተብለው ሳለ፣ ስቀለው ብለው ከጮኹት ጎን ቆመዋል። ስለ ጥንተ አብሶና ስለ መሥዋዕት የሚነሡት የጥርጣሬ ጥያቄዎች ሁሉ በክርክር አይፈቱ ይሆናል፤ አንዱ መልስ ግን በተግባር ሊሰጥ የሚችልና የሚገባው ነው። መሥዋዕቱ አንድ ጊዜ ለሁሉ ተፈጽሟል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ሌላ ጭዳ የመፈለግ መብት የለውም፤ የዕዳው ደብዳቤ ተደምስሷል ብሎ የሚሰብክ ዐውደ ምሕረትም በዘርና በሙያ ስም የተጻፈውን ሁለተኛ ደብዳቤ ሐሰት ነው ብሎ በስሙ እየጠራ ሊሽረው ይገባል። ይህ እስኪደረግ ድረስ የቀጨኔ ጥያቄ በእምነት ላይ የቀረበ ክስ ሳይሆን እምነቱ በገዛ ቃሉ እንዲጸና የቀረበ አቤቱታ ሆኖ ይቆያል።